የኮራል ቁራጭ ምን ላይ ይለጠፍ? ርካሽ መቀመጫ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። «አሥር የሴራሚክ ፕላግ፣ ያው የኮራል ቁራጭ የሚለጠፍበትን ትንሽ መቀመጫ፣ ስገዛ ዋጋው ከኮራሉ ሊበልጥ ምንም አልቀረው፤ አኳሪየሜ ውስጥ ያሉትን ግሪን ስታር፣ ዞአንቲድና ሞንቲፖራ የሚባሉ ኮራሎች ቆርጬ ላባዛ ነው፤ በርካሽ የሚሆን መቀመጫ የለም ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ሜሪላንድ ይህንኑ ስጠይቅ ነበር።

አለ። እንዲያውም በነፃ የሚገኝ ሞልቷል። ኮራሉ የሚፈልገው ውሃውን የማይበክል፣ የማይነቃነቅና ትንሽ ሻካራ የሆነ ነገር ነው። በስንት እንደተገዛ አይጠይቅሽም። ከኢንዶኔዥያ የባሕር እርባታ የመጣ ኮራል ገጥሞሽ ከሆነ ሥሩን ገልብጠሽ እዪው። ተራ የሲሚንቶ ድቡልቡል ነው።

እኔ ዛሬም በብዛት የምጠቀመው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው። ማለቴ ግድግዳና ወለል ላይ የሚነጠፈውን። የሕንጻ ዕቃ መደብር ሄደሽ ጥጉ የተሰበረ ካለ ጠይቂ። አንዳንዴ እንዲሁ ይሰጡሻል፣ ካልሆነም በሳንቲም ነው። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ለኛ አይሆንም። የምንፈልገው ጀርባውን ነው፤ ሻካራ ስለሆነ ኮራሉ ይይዘዋል። በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለሽ በመዶሻ አንድ ሁለቴ መታ ማድረግ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጊ፣ ስባሪው ይፈናጠራል። እኩል ቁራጭ ከወደድሽ ደግሞ በመረብ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው ሞዛይክ አለ። ፍሬው 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ልክ የፕላግ ስፋት። መረቡንና ሙጫውን ልጠሽ፣ ቀን ሙሉ በአርኦ ውሃ (በማጣሪያ ንጹሕ በተደረገ ውሃ) ዘፍዝፈሽ፣ በብሩሽ ፈትገሽ ትጨርሺዋለሽ።

ሁለተኛው ፍርፋሪ ድንጋይ ነው። የአኳሪየም ሱቆች ደረቅ ድንጋይ በካርቶን ያመጣሉ። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ሥሩ ላይ ፍርክስካሹ ይቀራል። ጠይቂያቸው። ለአኳሪየምሽ ለራስሽ የምታስቀሪውን ኮራል በዚህ ላይ ለጥፊ። ዓመት ሲሞላው ከድንጋዩ ጋር አንድ ይሆናል፣ ፕላግ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ችግሩ ይንከባለላል። ቀንድ አውጣ ገፋ ሲያደርገው ወድቆ አሸዋ ውስጥ አፉን ደፍቶ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ጠፍጣፋ ጎን ያለውን ምረጪ።

ሸክላስ? ባለቤቴ የጀበናዋ አንገት የተሰበረ ዕለት «እንካ፣ ለኮራልህ» ብላ ገሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። አልተጠቀምኩበትም። ሲሟሽ ቅባት የጠጣ፣ ከዚያ ስንት ዓመት ቡና የጠጣ ሸክላ ምን እንደሚለቅ ማን ያውቃል! አዲስ፣ ቀለም ያልተቀባ የአበባ ማሰሮ ገል ግን ይሆናል። ቀይ አቧራው እስኪጠራ ማጠብ ነው። እኔ ቶሎ ስለሚፈረፈር ብዙም አልወደውም።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። ሁሉም «እቤትሽ ሥሪው» የሚልሽ እሱን ነው። እኔም አልከለክልሽም፤ ግን የከፈልኩበትን ልንገርሽ። አንድ ኩባያ ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ሦስት ኩባያ አራጎናይት የሚባለው የአኳሪየም አሸዋ፣ ላዩ ላይ አንድ ኩባያ ደቃቅ ያልሆነ ጨው። ጨው የምንጨምረው በኋላ ሟሙቶ ቀዳዳ ቀዳዳ እንዲያደርገው ነው። ውሃ በጥቂቱ፤ ጨብጠሽ ስትለቂው ቅርጹን ይዞ ከቀረ በቃው። የበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ በሁለተኛው ቀን አወጣሁት። ደስ ሲል! ወዲያው ሳምንት እንኳ ሳይሞላው አሥራ ሁለቱንም 10 ጋሎን የምትይዘው ትንሿ አኳሪየሜ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ጠዋት አንድም የተከፈተ ኮራል የለም። ሁሉም ጥቅልል ብሏል። ፒኤቹን፣ ማለት የውሃውን የአሲድና የአልካላይ ልክ፣ ስለካው 8.9። እኛ የምንፈልገው 8.1 እስከ 8.4 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ኖራ ይፈጥራል። ያ ኖራ ወደ ውሃው ሲወጣ ፒኤቹን ይሰቅለዋል። (ካልክዋሰር እያልን ሌሊት ሌሊት በጠብታ የምንሰጠውም ይኸው ኖራ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።) ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ባልዲ ውስጥ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፊው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃውን ድፊ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ አንዱን ፕላግ አርኦ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አሳድሪውና ፒኤቹን ለኪ። ከ8.4 በላይ ካሳየሽ ወደ ባልዲው ይመለስ። ቶሎ ይደርቃል የሚባለውን ወይም ማጠንከሪያ ኬሚካል የተጨመረበትን ሲሚንቶ አትግዢ። ስታቦኪም ጓንት አድርጊ፣ እጅ ይልጣል።

መደርደሪያውንም ከሱቅ አትግዢ። ቢሮ ጣሪያ ላይ መብራት ሥር የሚገባው ነጭ ፍርግርግ ፕላስቲክ፣ እኛ ኤግክሬት የምንለው፣ በአንድ ትልቅ ሉሕ ይሸጣል። በፒንሳ እየቆረጥሽ የፈለግሽውን መጠን ታወጫለሽ። አንዱ ሉሕ ለእኔ አራት ዓመት አገልግሏል፣ ገና አላለቀም።

ስትለጥፊ ሱፐር ግሉ ይሁን፣ ግን ጄሉን ብቻ። ፈሳሹ ይፈስሳል እንጂ አይዝም። የኮራሉን ሥር በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጊ። ሴራሚኩንም አድርቂ። ሽምብራ የምታህል ጄል ጠብ አድርጊና ኮራሉን ተጭነሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ከዚያ የአኳሪየም ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ንከሪው። ጄሉ ውሃ ሲነካው ላዩ ነጭ ሽፋን ያወጣል፤ ያኔ ያዘ ማለት ነው።

ሞንቲፖራሽ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በሦስት አራት ሳምንት ጠርዙ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ሴራሚኩ ላይ መንጠፍ ሲጀምር ታዪዋለሽ። ቁራጩን በጣም ትልቅ አታድርጊው። ፍሎሪዳ ባለው ሞት (Mote) ማሪን በሚባል የባሕር ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ቮን ኤልክሆርን የሚባለውን ኮራል በስሕተት ሰብሮ ነው ትንንሽ ቁራጮች ካሰበው በላይ ፈጥነው እንደሚያድጉ ያየው። ዛሬ እዚያ የተጎዳ ሪፍ (ባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ቋጥኝ) መልሶ የሚተከልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ግሪን ስታርን መለጠፍ ብዙም አያስጨንቅም። ሐምራዊ ምንጣፍ የመሰለውን ሥሩን ቆርጠሽ፣ ሴራሚክ ላይ አድርገሽ በላስቲክ እሰሪው። በሁለት ሳምንት ራሱ ይይዛል። ይልቅ እንዳያመልጥሽ። ዋናው ድንጋይ ላይ ከወጣ መልሰሽ አታወርጂውም። ሌላ ጊዜ መሽሩም የሚባሉትን ኮራሎች ካገኘሽ ደግሞ ሙጫ አይዛቸውም፣ ያዳልጣሉ። ፍርፋሪ ድንጋይ የሞላ ትንሽ ኩባያ ውስጥ አስቀምጠሽ አፉን በቱል ሸፍኚውና የውሃ ግፊት በሌለበት ጥግ ተዪው። እነሱ ራሳቸው የሚወዱትን ድንጋይ ይመርጣሉ።

ዞአንቲድ ላይ ግን ቀልድ የለም። አንዳንዱ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። ጓንትና መነጽር ሳታደርጊ አትቁረጪ። የወጥ ቤት ቢላና መክተፊያ አይንካው። ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ «ላጽዳው» ብለሽ እንዳትቀቅዪው፣ በሙቅ ውሃም እንዳትፈትጊው። በእንፋሎቱ ብቻ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ልጆች ካሉ ከክፍሉ አስወጪ።

ሌላ ያልጠየቅሽው ነገር። ኮራል ገዝተሽ ስታመጪ ከነፕላጉ አታስገቢው። አይፕታዚያ የሚባለው ተናዳፊ ተባይ፣ ቬርመቲድ የሚባለው ቱቦ ሠሪ ቀንድ አውጣ፣ የጠፍጣፋ ትሉ እንቁላል የሚደበቀው ፕላጉ ላይ ነው። መድኃኒት ውስጥ ብትነክሪውም ትሉ ይሞታል እንጂ እንቁላሉ አይሞትም። ቆርጠሽ በራስሽ ሴራሚክ ላይ ለጥፊው። የተረፈውን ፕላግ አትጣዪ። አንድ ቀን አቼቶ ውስጥ አሳድረሽ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትገሽ፣ አጥበሽና አድርቀሽ እንደ አዲስ ትጠቀሚበታለሽ። ሴራሚኩን ነው ያልኩሽ፤ የሲሚንቶውን አቼቶ ይበላዋል። እነዚያ የቆጩሽ አሥር ፕላጎችም እንዲሁ ዓመታት ያገለግሉሻል።

ብረት ነክ ነገር፣ በተለይ መዳብ፣ አጠገቡ እንዳይደርስ። ቀለም የተቀባ ነገርም እንዲሁ።

እንግዲህ ሲሚንቶውን ዛሬ ብታቦኪ ከወር በላይ ባልዲ ውስጥ ይቆይብሻል። ሞንቲፖራውን እስከዚያ አታቆዪው፣ በሴራሚክ ስባሪ ጀምሪ። ፍርፋሪ ድንጋይ ደግሞ ሜሪላንድ አካባቢ ካለሽ እኔ ዘንድ አንድ ባልዲ ሙሉ አለ፣ መጥተሽ ውሰጂ።