መልስ፦ ሦስት ዓመት ሥራ አጥ መሆን ለሴፍቲኔት ያበቃል ወይ?

ሦስት ዓመት ያለ ሥራ መቀመጥዎ ብቻውን ደብረ ብርሃን ላይ ለከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ድሃ የከተማ ቤተሰቦችን ለሚደግፈው ፕሮግራም) አያበቃዎትም። የሚመዘነው የቤተሰቡ ድህነት እንጂ የአንድ ሰው ሥራ አጥነት ስላልሆነ፣ እንደጻፉት ከእናትዎ ጋር በአንድ ማዕድ የሚኖሩ ከሆነ የሚታዩት እንደ አንድ ቤተሰብ ነው። በቀበሌው ነዋሪ መሆንዎም ይጣራል።

ቤተሰቡ ከተመረጠ፣ መሥራት የሚችለው አባል (እርስዎ ማለት ነው) እንደ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ባሉ የአካባቢ ሥራዎች ተሰማርቶ ይከፈለዋል። ከክፍያው 20 በመቶው በቁጠባ ስለሚቀመጥ እጅዎ የሚገባው ሙሉው አይደለም፤ ቁጠባው ግን በኋላ የራስዎን ሥራ ሲጀምሩ ከሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ጋር መነሻ ይሆንዎታል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የሥራ ፈላጊነት ምዝገባ ከዚህ የተለየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የተመረጡት ሰዎች ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ራስዎ ሄደው ፊደል በፊደል ያንብቡት። የእኔ የአባት ስም በመታወቂያዬ «ኃይሉ»፣ በባንክ ደብተሬ «ኃይሌ» ተብሎ በመጻፉ፣ በዚያ ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ በጠዋት ስመላለስ ክፍያዬ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ ደረሰኝ።