«ስድስት ጊዜ በሌዘር ከተሠሩ የፊት ፀጉርዎ ለዘላለም ይጠፋል» ተባልኩ፤ ልክፈል?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን አካባቢ የምኖርና በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ከእናቴና ከአንዲት ጓደኛዬ በቀር ለማንም ያላወራሁትን ጉዳይ ስለምጽፍልዎ ስሜን እንዲደብቁልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አገጬና መንጋጋዬ ሥር ጥቁርና ጠንካራ ፀጉር ማብቀል የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ስለነበር በወረንጦ እየነቀልኩ አሳልፈው ነበር። አሁን ግን በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት መስተዋት ይዤ መስኮት ሥር ካልተቀመጥኩ ከሰው ፊት መቆም አልችልም። የነቀልኩት ቦታ ያብጣል፤ አንዳንዱ ፀጉር ወደ ውጭ መውጣት አቅቶት ቆዳዬ ውስጥ ይታጠፍና ብጉር የመሰለ ነገር ይሠራል፤ እሱም ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። የድሬዳዋን ሙቀት ያውቁታል፤ በዚያ ሙቀት አገጬን በሻሽ ጫፍ ሸፍኜ የማስተምርበት ቀን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች የሚያዩትን ነገር እንዳላዩ ማለፍ አይችሉበትም።

ጥቁሩን ምልክት ያጠፋል ተብዬ ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን ክሬም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ እቀባለሁ። ፊቴ በእርግጥ ነጣ ብሏል። ነገር ግን አንድ ሁለት ቀን ሳልቀባ ካደርኩ ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል፤ ጉንጬም ላይ ቀድሞ ያልነበረ ፀጉር ማየት ጀምሬያለሁ። ቱቦው ላይ ከተጻፉት ቃላት መካከል «ክሎቤታሶል» የሚለውን አንብቤያለሁ። የወር አበባዬ ደግሞ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር እየዘለለ ነው የሚመጣው። የአክስቴም አገጭ እንደኔው ስለሆነ «የዘር ነው» ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አላውቅም።

ሰርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ከሐረር ሽማግሌ ልከው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ያቺው ጓደኛዬ ከተማችን ውስጥ ሌዘር ወደ ገባበት የውበት ሳሎን ወሰደችኝ። የሳሎኑ ባለቤት ማሽኑ ለሁሉም ዓይነት ቆዳ እንደሚሆን፣ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ ስድስት ጊዜ ከተሠራሁ ፀጉሩ ለዘላለም እንደሚጠፋ፣ የስድስቱንም ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፈጸምኩ ቅናሽ እንደሚደረግልኝ ነገረችኝ። ፊቴ ላይ ስለምቀባው ነገር የጠየቀችኝ የለም። ከኔ በፊት የገባችው ደንበኛ ስትሠራ በመጋረጃው ክፍተት በኩል ነጭ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ሲል አየሁ፤ ዓይኗን የሸፈኑላት በፎጣ ነበር።

እናቴ «ምላጭ ከነካሽው እንደ ወንድ ይጎፈራል» ስለምትለኝ ምላጭ አስነክቼው አላውቅም። ገንዘቡን ልክፈል? እስከ ሰርጌስ ያልቅልኛል? ለእጮኛዬስ ልንገረው ወይስ ዝም ብዬ ልጨርሰው?

አገጯን የምትሸፍነው፣ ከድሬዳዋ


የአምዱ መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ለሳሎኑ አሁን አንድም ብር አይክፈሉ። ይህን የምልዎ ሌዘር የማይረባ ሆኖ አይደለም፤ በትክክለኛው ማሽንና በትክክለኛው እጅ ሲሠራ የፊት ፀጉርን በእጅጉ የሚቀንስ ሕክምና ነው። ነገር ግን ደብዳቤዎ ውስጥ ከፀጉሩ በፊት መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነሱ ሳይታዩ ሌዘር መጀመር ገንዘብዎን ብቻ ሳይሆን ፊትዎንም አደጋ ላይ ይጥላል።

የመጀመሪያው ክሬሙ ነው። ክሎቤታሶል ከሚቀቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች መካከል እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ተርታ የሚመደብ ሲሆን፣ ሐኪሞች ለከባድ የቆዳ ሕመም ሲያዝዙት እንኳ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቀባ፣ ፊት ላይም ጨርሶ እንዳይደርስ ያስጠነቅቃሉ። እርስዎ ግን ፊትዎ ላይ ወራት አሳልፈውበታል። ይህ መድኃኒት ቆዳን ያነጣል፤ የሚያነጣውም እያሳሳው ነው። ቆይቶም ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያሳያል፣ ብጉር ያወጣል፣ እንዲሁም በተቀባበት ቦታ ፀጉር ያበቅላል። ጉንጭዎ ላይ አዲስ ያዩት ፀጉር ከዚሁ ክሬም የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የነቀላን ጥቁር ምልክት ለማጥፋት የገዙት ነገር ሌላ የሚነቀል ፀጉር አምጥቶብዎታል ማለት ነው። ደግነቱ ክሬሙ ከቆመ በኋላ እንዲህ ያለው ፀጉር በወራት ውስጥ እየሳሳ የመሄድ ዕድል አለው፤ ስለዚህ ሊጠፋ የሚችል ፀጉር ለማጥፋት ለምን ይከፍላሉ?

ይሁን እንጂ ቱቦውን ዛሬውኑ ወርውረው ዝም አይበሉ። አንድ ሁለት ቀን ሲያቆሙ የሚሰማዎ ማቃጠልና ማሳከክ ቆዳዎ መድኃኒቱን መልመዱን ያሳያል፤ በድንገት ሲቋረጥ ፊት ሊቀላ፣ ሊያብጥና በብጉር ሊሞላ ስለሚችል፣ ወደ ደካማ መድኃኒት እያሸጋገረ ወይም እያራራቀ የሚያስቆምዎ የቆዳ ሐኪም ያስፈልግዎታል። በስቴሮይድ የሳሳ ቆዳ ላይ የሌዘር ሙቀት ማሳረፍ ቃጠሎን ከዚያም የባሰ ጥቁር ምልክትን መጋበዝ ነው። በነገራችን ላይ፣ ደንበኛዋ ፊቷ ላይ ምን እንደምትቀባ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚናገር የሌዘር ቤት በእኔ ግምት በዚያችው ደቂቃ ፈተናውን ወድቋል።

ሁለተኛው የወር አበባዎ ነገር ነው። አገጭ ላይ የሚወጣ ጠንካራ ፀጉርና በየሁለት ሦስት ወሩ የሚዘል የወር አበባ አብረው ሲመጡ ሐኪም በመጀመሪያ የሚያስበው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለውን የሆርሞን መዛባት ነው። በማንኛዋም ሴት ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው «የወንድ» የሚባለው ሆርሞን ከልኩ ሲያልፍ በአገጭ፣ በላይኛው ከንፈር፣ በደረትና ከእምብርት በታች ያለውን ስስ ፀጉር ወደ ጥቁርና ወፍራም ይለውጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት ይህ ችግር በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች መካከል ከ8 እስከ 13 የሚሆኑትን ይነካል፤ አብዛኞቹም እንዳለባቸው አያውቁም። የአክስትዎ አገጭ ጉዳዩን አይዘጋውም፤ ችግሩ ራሱ በቤተሰብ ይወርዳልና። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን መዛባትም የወር አበባን ሊያዘልል ስለሚችል ሐኪሙ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ያዝዛል። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች እህቶች አንድ ነገር ልጨምር፦ ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት የበዛ፣ ድምፅ የጎረነነ ወይም የራስ ፀጉር ከግንባር የሸሸ እንደሆነ ቀጠሮ ሳያራዝሙ መታየት ያስፈልጋል።

ሆርሞኑ ሳይስተካከል ሌዘር ብቻውን ቢሠራ ምን ይሆናል? የተቃጠለው ይሄዳል፣ ሆርሞኑ ግን ከጎን ያለውን ስስ ፀጉር እያጠቆረ አዲስ ያወጣል። «ለዘላለም» የሚለው ቃል በአንደኛው ዓመት ማብቂያ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። የዛሬው የሌዘር ሕክምና የቆመበትን ሐሳብ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፦ ብርሃኑ ጥቁር ቀለም ባለበት ብቻ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሙቀቱም በፀጉሩ በኩል ወርዶ ሥሩን ያቃጥላል፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ ግን ይተርፋል። ነጭ ቆዳና ጥቁር ፀጉር ላላት ሴት ይህ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን ቀለሙ ፀጉሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቆዳው ውስጥም አለ፤ ብርሃኑ ሁለቱን መለየት ካልቻለ ቆዳውን ያቃጥላል። ሐኪሞች ቆዳን ለብርሃን በሚሰጠው ምላሽ ከ1 እስከ 6 ይመድባሉ፤ አብዛኞቻችን 4 እና ከዚያ በላይ ነን። ለእንዲህ ያለው ቆዳ ይበልጥ አስተማማኝ የሚባለው ኤንዲ ያግ የተሰኘው፣ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነ ሌዘር ነው፤ የቆዳው ቀለም ይህን ሞገድ የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ አልፎ ወደ ፀጉሩ ሥር ይወርዳል። 755 ናኖ ሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ግን ለነጫጭ ቆዳ የሚመች፣ ለጠይም ቆዳ አደገኛ ነው። ስለዚህ «ለሁሉም ቆዳ ይሆናል» የሚለውን መልስ አይቀበሉ፤ የማሽኑን ስምና የሞገድ ርዝመቱን ቁጥር ይጠይቁ።

በመጋረጃው በኩል ያዩት ነጭ ብርሃን እኔን ያሳስበኛል። የኤንዲ ያግ ጨረር በዓይን አይታይም። ነጭ ብልጭታ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አይፒኤል የሚባለው፣ ብዙ ሞገዶችን ቀላቅሎ የሚለቅ መብራት ሲሆን፣ በሳሎኖች «ሌዘር» እየተባለ ቢሸጥም ሌዘር አይደለም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ቃጠሎና ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት በማስከተል ይታወቃል። ከዚህም ሌላ፣ በተለይ ፊትና አንገት ላይ፣ የሆርሞን መዛባት ባለባቸው ሴቶች፣ ብርሃኑ ሥሩን ለመግደል አንሶ ይልቁንም በዙሪያው ያለውን ፀጉር የሚያበዛበት ጊዜ አለ። እርስዎ ለዚህ ከሚጋለጡት ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። ዓይንን በተመለከተ ደግሞ ፎጣ በቂ አይደለም፤ ለታካሚዋም ለባለሙያዋም ለዚያው ሞገድ የተሠራ መከላከያ ያስፈልጋል።

በየሁለት ሳምንቱ መባሉም ትክክል አይደለም። ፀጉር በየተራው ያድጋል፣ ያርፋል፣ ይረግፋል፤ ሌዘር የሚይዘው በማደግ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ፊት ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እየተጠበቀ ነው የሚሠራው። ስድስት ጊዜ ለአንዳንዷ ይበቃል፤ ለብዙዋ ስምንትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መመለስ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንኳ ለእነዚህ ማሽኖች የሚፈቅደው የፀጉሩን ብዛት ለረጅም ጊዜ ይቀንሳሉ ብሎ መሸጥን እንጂ ፈጽሞ ያጠፋሉ ማለትን አይደለም። የሸበተን ፀጉር ደግሞ ሌዘር ጨርሶ አይነካውም። ክፍያውን በየጊዜው በተሠሩ ቁጥር ቢያደርጉ፣ ቆዳዎ ካልተስማማው በሚቀጥለው ቀን የማቆም ነፃነት ይኖርዎታል።

ሐኪሙ ቆዳዎ አገግሟል ሲልዎ፣ መጀመሪያ ከመንጋጋዎ ሥር በትንሽ ቦታ ላይ ይሞከርልዎ፤ ጠይም ቆዳ ጉዳቱን ዘግይቶ ስለሚያሳይም አንድ ሁለት ሳምንት ይጠበቅ። ከሌዘር በኋላ ፀጉሩ በወጣበት ዙሪያ ለጥቂት ሰዓታት ቀላ ማለትና ማበጥ የተለመደ ነው፤ ውኃ መቋጠር ግን የተለመደ አይደለም። ፀሐይ ጠላትዎ ናት፤ የጠዋቱ የባንዲራ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ግድ ነው፤ ሻሽዎም ለዚህ ይጠቅማል።

እስከ ሰርግዎ አያልቅም። ክሬሙን ማቆምና ምርመራው ራሱ ወራት ይወስዳል። ለሰርጉ የሚያስፈልግዎ ምላጭ ነው፤ እዚህ ላይ እናትዎን አክብሬ እቃወማለሁ። ምላጭ የሚቆርጠው ከቆዳው በላይ ያለውን ብቻ ነውና ሥሩን ሊያጠነክረው አይችልም፤ ሻካራ መስሎ የሚሰማው የተቆረጠው ጫፉ ድፍን ስለሚሆን ነው። ንጹሕ ምላጭ፣ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፤ አለቀ። ወረንጦውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ የታጠፈውን ፀጉርና ጥቁሩን ምልክት የሚያመጣብዎ እሱ ነው። በኋላም ሌዘር ሥሩ ውስጥ ያለ ፀጉር ስለሚያስፈልገው፣ ከመሠራትዎ በፊት ቢያንስ ለአራት ሳምንት መንቀልም ሆነ በክር ማስነሣት አይፈቀድም፤ መላጨት ግን ይፈቀዳል። በሙሽርነትዎ ሰሞን ለእጅና ለእግር የሚያደርጉት ሀላዋ (የስኳር ፀጉር ማንሻ) ችግር የለውም፤ ፊትዎን ብቻ አያስነኩት።

ስለ እጮኛዎ ያነሡት ጥያቄ ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው መጨረሻ ላይ ያቆየሁት። የሆርሞኑ ችግር ከተረጋገጠ ሐኪሙ ከሚያቀርብልዎ መድኃኒቶች አንዱ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ነው፤ ሌላው ስፓይሮኖላክቶን በፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል እርግዝና በታሰበበት ጊዜ አይወሰድም፤ ሁለቱም ፀጉሩን ሲቀንሱ የሚታየው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። የወር አበባ መዝለሉም ልጅ ለመውለድ ሐኪም ማማከር ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ ችግር ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ግን በሕክምና እርዳታ መውለድ ይችላሉ። ልጅ መቼ እንደምትፈልጉ ሳትነጋገሩ ከእነዚህ መካከል መምረጥ አይችሉም፤ ስለዚህ ምርመራው ውጤት ሲሰጥ ለእሱ ይንገሩት፤ ከዚያ በፊት ግን የመንገር ግዴታ የለብዎትም።

የቆዳና የማሕፀን ሐኪም በከተማዎ ካላገኙ፣ ሐረር የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቅርብ ነው። ሲሄዱ ቱቦውን ይዘው ይሂዱ፤ የወር አበባዎ የመጣባቸውን ቀናትም በወረቀት ጽፈው ያቅርቡ። ለሆርሞን ምርመራ ደም የሚሰጡት የወር አበባዎ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ቢሆን ውጤቱ ለማንበብ ይቀላል፤ እንደ እርስዎ እየዘለለ ለሚመጣባት ሴት ግን መቼ እንደሚሰጡ ሐኪሙ ይወስናል።