ቺንጋ የሚበላ ስኖሞቢል፦ ሦስተኛውን ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ሌላው አንባቢም እንዲከታተለን ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ረጅም ትራክ (ከሥር እየዞረ በረዶውን የሚገፋው ሰፊ የጎማ ሰንሰለት) ያለው፣ 800 ሲሲ ቱ ስትሮክ የተራራ ስኖሞቢል፣ ማለትም ከፊት በስኪ የሚሄድ የበረዶ ሞተር አለህ። ሜዳ ላይ ምንም አይለውም። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ዳገት ስትይዝ ግን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም፣ ቆይቶ ዙሩ ራሱ ይወርዳል፣ ጎማ ጎማ ይሸታል። የሞተሩን ጉልበት ወደ ትራኩ የሚያስተላልፈውን ቺንጋ በአንድ ክረምት ሁለቴ ጨርሰሃል። አሁን ጠንካራ ነው የሚባለውን ውዱን ልግዛ ወይ ነው ያልከኝ።

ቆይ፣ አትግዛ። የሚበጠሰው ቺንጋው ነው እንጂ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። ውዱንም እንደ ርካሹ ይበላዋል።

የተበጠሰውን ካልጣልከው አምጣና ብርሃን ላይ አገላብጠህ እየው፤ ብዙ ነገር ይነግርሃል። አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ክሩ ከወጣ ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለቱ ፑሌጃዎች (የፊቱ ከሞተሩ፣ የኋለኛው ከትራኩ ጋር የተያያዘ) በአንድ መስመር ላይ አይደሉም ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ደክሞ ወይ ተሰንጥቆ ሞተሩ ስለተንሸራተተ ነው። ከሥር ያሉት ጥርሶች ከተሰነጠቁ ወይ ከወለቁ ቺንጋው ቀዝቅዞ ድርቅ ብሎ ሳለ በኃይል ተነድቷል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወገቡ ከቀጠነ ደግሞ ትራኩ በግግር ተይዞ ነዳጅ ሰጥተኸዋል። ማታ የቀለጠው በረዶ ሌሊት ይጠጥራል፣ ትራኩ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ጋር ይጣበቃል፣ ጠዋት የፊቱ ፑሌጃ ሲሽከረከር ቺንጋው ቆሞ ይቃጠላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሞተሩን ሳታስነሳ ከኋላ ብድግ አድርገህ መሬት ልቀቀው፣ ስኪዎቹንም ግራና ቀኝ ወዝውዛቸው።

ያንተ ግን፣ ከነገርከኝ ተነስቼ ስገምት፣ ሁለቱም ጎኖቹ እየጠነከሩ የሚያብለጨልጩ ይመስለኛል። ይህ መንሸራተት ነው። መንሸራተት ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱ መልሶ መንሸራተት ያመጣል፣ ከዚያ ቺንጋው አለቀ።

መጀመሪያ አጽዳ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ፑሌጃዎቹም ቀዝቅዘው ይሁን። ቺንጋውን አውጥተህ ፑሌጃው ፊት ላይ የተለጠፈውን ጥቁር የጎማ ቅሪት በአረንጓዴው ሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ቀስ ብለህ ፈግፍገው፣ ከዚያ አልኮል በነካው ንጹሕ ጨርቅ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረገው። ዘይትና ቅባት ያለው የሚረጭ ነገር እዚያ አካባቢ እንዳይደርስ፤ የእጅህ ቅባት ራሱ በቂ ጥፋት ነው። ከዚያ ጥፍርህን ፊቱ ላይ ከመሃል ወደ ዳር ሳበው። ጥፍርህ ቦይ ውስጥ ከገባ ፑሌጃው ተበልቷል፣ ማጽዳት አያድነውም። የፊቱን ፑሌጃ ግን ራስህ እንዳትፈታ። ውስጡ ያለው ሞላ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፣ የራሱ መፍቻ ያስፈልገዋል፣ ሲፈነጠር ሰው ይጎዳል። ቺንጋው ሳይኖርም ሞተሩን ለሙከራ እንዳታስነሳ፤ ጭነት የሌለው ፑሌጃ ከልኩ በላይ ይፈተለካል።

አዲሱን ቺንጋ ስትገጥም በለብ ያለ የሳሙና ውኃ አጥበህ አድርቀው፤ ከፋብሪካ የመጣ የሚያንሸራትት ቅሪት አለበት። በኋለኛው ፑሌጃ ላይ የቺንጋው ጀርባ ከጠርዙ ጋር እኩል ወይ ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ትክክለኛው ልክ የማሽንህ መመሪያ ላይ አለ። የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነቱን እየቀያየርክ ረጋ ብለህ ንዳ፣ ነዳጁን እስከ ጥግ አትጫን።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 3000 ሜትር ላይ ስትደርስ ሲሶው ሊጠጋ ምን ቀረው። ኢንጀክሽን (ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጭ) ያለው ሞተር ነዳጁን ራሱ ያስተካክላል፣ የፊቱ ፑሌጃ ውስጥ ያሉት፣ ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየተወረወሩ ፑሌጃውን ቺንጋው ላይ የሚያጠብቁት ክብደቶች ግን ራሳቸውን አይለውጡም። ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ክብደት ተራራ ላይ ይከብዳል፣ ሞተሩን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ቺንጋውም ያለ ልኩ ይሞቃል። ካጸዳህና መስመሩን ካስተካከልክ በኋላ ያልተረገጠ በረዶ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ ነዳጅ ስጠውና ዙሩን አንብብ። እንዳንተ ዓይነቱ ሞተር ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 8000 ዙር አካባቢ ላይ ነው ጉልበቱ ያለው፤ ከመመሪያው ቁጥር ጋር አስተያየው። በግልጽ ካነሰ ቀለል ያለ ክብደት ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጥ፣ ቆሻሻ ፑሌጃ ላይ ክብደት ብትቀይር ችግሩን ትሸፍነዋለህ እንጂ አትፈታውም። የደከመ ካንዴላና የቆየ ነዳጅም ዙር ያወርዳሉ፣ እነሱንም አብረህ እይ።

ሌላው አነዳድህ ነው። በረዶ ውስጥ ስትሰጥም ነዳጅ እየሰጠህ ለመውጣት አትታገል። ጥቂት ሰከንድ እንዲህ ማቃጠል ከረጅም ጉዞ ይልቅ ቺንጋውን ይጎዳዋል። ውረድ፣ በአካፋ ቆፍር፣ ከትራኩ ፊት ያለውን በረዶ ረጋግጠህ አጠንክር፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ውጣ።

መለዋወጫ ቺንጋህንም ከነማሸጊያው ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጥ። አስቀድመህ ግጠመውና አለማምደው፣ ከዚያ አውጥተህ ያዘው። ተራራ ጫፍ ላይ ያልተለማመደ ቺንጋ ገጥሞ ረጋ ብሎ መመለስ ሁልጊዜ አይቻልም።

ያነበብከውን ዙርና የነበርክበትን ከፍታ ጻፍልኝ፣ የአሮጌውንም ቺንጋ ፎቶ በሁለቱም ጎን አንስተህ ላክ። ስለ ክብደቱ ያኔ እንነጋገራለን።