ልጄ ሁለተኛውን መኪና ሲነዳ መድኑ ይሸፍነዋል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን በስሜ የተመዘገቡ ሁለት መኪኖች አሉኝ። ራሴ የምነዳት ቪትዝ ሙሉ ዋስትና አላት፤ ዘንድሮ የገዛሁት አሮጌ ዲኤክስ ግን ያለው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት ያልሞላው የ20 ዓመት ልጄ ዲኤክሱን ይዞ ቃሊቲ ድረስ ይመላለሳል። የቪትዟ ዋስትና ልጄን በዲኤክሱም ላይ ይከተለዋል ወይ? ለዲኤክሱ ሙሉ ዋስትና ብገባስ፣ ጎረቤቴ እንደመከረኝ የመድን ክፍያው (አረቦኑ) እንዲቀንስ አሽከርካሪው እኔ ነኝ ብዬ ብሞላ ምን ያስከትላል? ልጁ ደግሞ በትርፍ ሰዓቱ ሰው እያመላለሰ ገንዘብ ለማግኘት አስቧል።
(አባት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፤ አይከተለውም። የተሽከርካሪ መድን የሚገባው እያንዳንዱ መኪና በሰሌዳው፣ በሻንሲውና በሞተር ቁጥሩ ተለይቶ በመሆኑ፣ ሁለቱም መኪኖች የእርስዎ መሆናቸው የአንዱን ሽፋን ወደ ሌላው አያሻግረውም። ስለዚህ ልጅዎ ዛሬ ዲኤክሱን ይዞ ቢጋጭ የሚኖረው ሽፋን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የተደረገው ይህ መድን የቆመው መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰውና ንብረት እንጂ ለራሱ ለመኪናው አይደለም፤ የዲኤክሱን ጥገና የሚከፍለው የእርስዎ ኪስ ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። መድን ሰጪው ለተጎጂ የሚከፍለው በሕግ እስከ ተወሰነው ጣሪያ ድረስ ሲሆን፣ ጉዳቱ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጎጂው ቀሪውን ከባለንብረቱ ሊጠይቅ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ደግሞ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ባለቤቱ የሚድነው መኪናው በጉዳቱ ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ልጅዎ ለአካለ መጠን የደረሰ መሆኑ ሊብሬው በስምዎ እስካለ ድረስ እርስዎን ከክስ አያወጣዎትም።

የጎረቤትዎን ምክር በተመለከተ በግልጽ ልንናገር እንወዳለን፤ መጥፎ ምክር ነው። አሁንም በሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ መድን ገቢው ስለ አደጋው ሥጋት የሚያውቀውን እውነት ሆን ብሎ ከሸሸገ ወይም ሐሰት ከተናገረ ውሉ እንዳይጸና ያደርጋል። ይህም ማለት ዓመቱን ሙሉ አረቦን ሲከፍሉ ቆይተው፣ አደጋው በደረሰ ዕለት በፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የልጅዎ ስም ሲሰፍር፣ በእጅዎ ያለው የመድን ውል ዋጋ ሊያጣ ይችላል። መድን ሰጪዎች ከካሳ በፊት የአሽከርካሪውን መንጃ ፈቃድ ስለሚጠይቁም ነገሩ ተደብቆ የሚቀር አይደለም። እውነቱን መናገር ያለው ዋጋ ይታወቃል፦ በዕድሜ ወጣት ወይም በልምድ አዲስ ለሆነ አሽከርካሪ ውሎች ብዙ ጊዜ ኤክሰስ የሚባለውን፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለንብረቱ ራሱ የሚችለውን ድርሻ፣ ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ሥልጣን ያለው አሽከርካሪ የሚለው ማንን እንደሆነ፣ ልጅዎ በዚያ ውስጥ ይገባ እንደሆነና ኤክሰሱ በእርሱ ምክንያት ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የወኪሉ የቃል ማረጋገጫ ካሳ ሲጠየቅ የሚያገለግል ማስረጃ አይሆንም። መንጃ ፈቃዱ ለመኪናው ዓይነት የሚበቃ፣ ዘመኑም ያላለፈ መሆን እንዳለበት መቼም ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

ሙሉ ዋስትናውን ሲገቡ ዲኤክሱ አርጅቷል ብለው ዋጋውን ዝቅ አድርገው አያስመዝግቡ። አሮጌ መኪና በገበያችን እንዴት እንደሚወደድ ያውቁታል። ሕጉ ከዋጋ በታች ለተገባ መድን የሚከፈለውን ካሳ በዚያው ልክ ስለሚቀንሰው፣ ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ500 ሺህ ብር ቢያስመዘግቡና 100 ሺህ ብር የሚፈጅ ጉዳት ቢደርስበት የሚያገኙት ግማሹን ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል።

ሰው የማመላለሱን ሐሳብ በተመለከተ፣ ዲኤክሱ በኮድ 2 የግል ሰሌዳና በግል አገልግሎት መድን እስካለ ድረስ ልጅዎ አንድም ቀን በክፍያ ሰው እንዳይጭንበት እንመክራለን። ከትራፊክ ቅጣቱ በተጨማሪ፣ የግል አገልግሎት ውል በክፍያ የሚደረግን ጉዞ ስለማይሸፍን፣ መድን ሰጪው ክፍያ ለመከልከል በቂ ምክንያት ያገኛል። ሐሳቡ የምር ከሆነ መጀመሪያ የሰሌዳውን ጉዳይ መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጨርሰው፣ ከዚያ መድኑን ለንግድ አገልግሎት ያስገቡ። አረቦኑ ከፍ ይላል፤ ልጅዎም ሥራው ያዋጣው እንደሆነ ሲያሰላ ይህን ጭማሪ አብሮ ያስላው።