አይጡ ከላይ ነው የሚገባው

ጥያቄው ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። የጻፈልኝ ወጣት የአባቱ ጎተራ አራት እግር እንዳለው፣ እግሮቹም ቆርቆሮ እንደተጠመጠመባቸው ይናገራል። ሆኖም በቆሎው ላይ የአይጥ ኩስ አይጠፋም። ከክዳኑ ሥር ምርጊቱ ተቦርቡሯል። መርዝ ቢያስቀምጡ የሞተችው ድመቷ ናት። አሁን ጎረቤት «የነቀዝ ክኒን ጨምሩበት» ብሏቸዋል። ጎተራው ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው የቆመው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ክኒኑን ተወው። እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። የጭቃ ጎተራ ደግሞ ጋዝ አያምቅም፤ በስንጥቁ ወጥቶ ቤት ይገባል። የተኛ ሰው ይገድላል።

ወደ አይጡ ስንመጣ፣ ኩሱም ቀዳዳውም ከላይ ከሆነ እኔ የጎተራውን እግር አልጠረጥርም። አንድ መሸጋገሪያ አለው፤ የጣሪያው ጠርዝ፣ የተደገፈ እንጨት ወይም ቅርንጫፍ። ማታ ባትሪ ይዘህ እየው። አይጥ ወደ ጎን ከ1 ሜትር በላይ ይዘላል። ስለዚህ በጎተራው ዙሪያ 1 ሜትር ተኩል ባዶ ይሁን። ከቤቱ ጋር ከተጠጋ፣ እህሉ ሲያልቅ ሰው ጠርታችሁ አንሱት።

የቆርቆሮው ሥራም አላማረኝም። ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ግን ጠምጥሞ በሚስማር መምታት ሥራ አይባልም። አይጥ የሚወጣው በጥፍሩ ነው። ሻካራ እንጨት ላይ ይሮጣል፤ ለስላሳ ብረት ላይ ጥፍሩ የሚይዘው ያጣል። ግን ቆርቆሮው ሽንሽን ያለው ከሆነ በሽንሽኑ ቦይ ሽቅብ ይወጣል። የሚስማር ራስ ካለ ይረግጠዋል። ቆርቆሮው ከመሬት ቅርብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም፤ ከቆመበት ተነስቶ ይዘልለዋል። መፍትሔው እንደ ጃንጥላ ወደ ታች የተደፋ ላሜራ ነው። ከእግሩ ወደ ውጭ 25 ሴንቲ ሜትር ይውጣ፤ ከመሬትም 1 ሜትር ይራቅ። አይጡ የጎተራውን እግር ይዞ ከላሜራው ሥር ይደርሳል። ከዚያ ጠርዙን ለመያዝ እጁን ወደ ኋላ መዘርጋት አለበት፤ አይችልም፣ ይወድቃል። ላሜራው ከእግሩ ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ዝጋው፤ ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ታልፋለች። ባለ 35 ጌጁን ስስ ቆርቆሮ አትግዛ። በእጅ ይታጠፋል፣ ቶሎ ይዝጋል፣ ዝገቱም መወጣጫ ይሆናል።

«አንድ ሁለት አይጥ ምን ይበላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን 25 ግራም ገደማ ይበላል፤ በዓመት 9 ኪሎ ነው። በሽንቱ የሚያበላሸው ለብቻው ነው። በሽታም ያስተላልፋል። ኩሱን በደረቁ አትጥረግ፤ አቧራው ይተነፈሳል። በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አርጥብና አፍህንና አፍንጫህን ሸፍነህ አንሳው።

ምርጊቱን በጭቃና በእበት ድፈን፤ ከሥሩ ግን የወንፊት ሽቦ አስገባ። ጭቃ ብቻውን ለጥርሱ ምንም አይደለም፣ በማግስቱ ይበሳዋል። ላሜራው እስኪሠራ ወጥመድ አጥምዱ፤ መርዝ ግን ይብቃ፣ ከድመቷ ቀጥሎ ዶሮዋ ወይም ልጅ ነው። ክኒኑን ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ማሸጊያውን አትክፈቱት። ቤት ውስጥም አታሳድሩት፤ ለግብርና ባለሙያው አስረክቡት።