የመውቂያ ማሽኑ የት ይቁም? ማንስ ይቅደም?

ጥያቄ፦ የስንዴ መውቂያ ማሽን አከራያለሁ። ሦስት ደንበኞቼ በአንድ መንገድ ዳር ስለሚገኙ ማሽኑን መካከለኛው ማሳ ላይ አቆመዋለሁ፤ ሁለቱ ነዷቸውን በአህያ ያመጣሉ። ጠዋት ማሽኑ ሥራ ይፈታል፣ ሲመሽ እንጣደፋለን። ወረፋውን ብለዋውጥም ያው ነው።

መልስ፦ ወረፋውን ቢለዋውጡ ለውጥ ያላዩት ጥፋቱ ቦታው ላይ ስለሆነ ነው። መካከል ላይ ማቆም የአህያውን ድካም ይቀንሳል፤ የማሽኑን ቀን ማሳጠሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በቁጥር ይዩት። ከአንዱ ማሳ ወደ ቀጣዩ ነዶ አጋዞ ለመጨረስ 2 ሰዓት ይፈጅ፤ ከዳር እስከ ዳር 4። የላይኛው ክምር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ዝግጁ ነው፣ ለመውቃት 4 ሰዓት ይወስዳል። የመካከለኛውና የታችኛው ዝግጁ የሚሆኑት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እያንዳንዳቸው 2 ሰዓት ይወስዳሉ። ማሽኑ መካከል ላይ ከቆመ ከ3 ሰዓት በፊት ተጋዞ ያለቀ ክምር አያገኝም፤ ሥራው 8 ሰዓት ስለሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያልቃል። ታችኛው ማሳ ላይ ቢቆምም ያው 11 ነው። ላይኛው ማሳ ላይ ቢቆም ግን 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያው 5 ሰዓት ላይ ሲያልቅ የመካከለኛው ነዶ ይደርሳል፣ ያ 7 ሰዓት ላይ ሲያልቅ የታችኛው። 9 ሰዓት ላይ ማሽኑን ያጠፋሉ። የማጋዙ ድካም ከ4 ወደ 6 ሰዓት ከፍ ብሏል፤ የማሽኑ ቀን ግን በ2 ሰዓት አጥሯል።

ስለዚህ ቦታውን መርጠው ከዚያ ወረፋ አይያዙ፤ ሁለቱን አብረው ይወስኑ። ትራክተር የሚገባበትን፣ ደረቅና ሜዳ የሆነውን ቦታ ሁሉ ይዘርዝሩ። ለእያንዳንዱ ቦታ ክምሩ ዝግጁ በሚሆንበት ሰዓት ላይ የማጋዣውን ጊዜ ደምረው የመድረሻ ሰዓቱን ያግኙ፤ ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ይወቃ። ለአንድ ማሽን፣ ዓላማዎ ቶሎ መጨረስ ከሆነ፣ ከዚህ ቅደም ተከተል የሚሻል የለም። በኤክሴልም ቀላል ነው፤ የአንዱ ሥራ መጀመሪያ፣ ከራሱ መድረሻና ከፊተኛው ማለቂያ የሚዘገየው ሰዓት ነው። የመጨረሻው ክምር ቀድሞ የሚያልቅበትን ቦታ ይምረጡ።

ሁለተኛ ማሽን ከገዙ ይህ ደንብ ብቻውን አይበቃም፤ የማን ክምር ወደ የትኛው ማሽን ይሂድ የሚለው ጥያቄ ይጨመራል። ለ8 ክምርና ለ4 አማራጭ ቦታ፣ ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ሆነው የተለያየ ቦታ ላይ ከቆሙ፣ 1,536 አማራጭ አለ። በእጅ አይሞከርም፤ ለኮምፒውተር ግን ምንም አይደለም። ክምሩ በብዙ አሥሮች ሲቆጠር ግን ሁሉንም መሞከር ለኮምፒውተርም አይቻልም፤ ያኔ የማመቻቸት ሶፍትዌር (ሁሉንም ሳይሞክር ጥሩ አማራጭ የሚፈልግ ፕሮግራም) የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ።

የታችኛው ማሳ ባለቤት በዚህ አሠራር 4 ሰዓት ያጋዛል፤ በመንገድ የሚረግፈውም እህል የእርሱ ነው። ከኪራዩ ምን ያህል እንደሚቀነስለት አህዮቹ ሳይጫኑ ይስማሙ።