እናቴ እንግሊዝኛው ላይ ተቆጣች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በእንግሊዝኛ አጭር ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዓባይ በረሃ ላይ ስልኩ አልሠራ አለ፤ እናታችን ደጀን ሆና ትጠብቀዋለች። «ፊቷ ጠቆረ» ለማለት «ኸር ፌስ ዳርክንድ» አልኩ። ያነበበችው ጓደኛዬ «እናትሽ ማን ላይ ነው የተናደደችው?» አለችኝ። ታዲያ ምን ልበል?
ከደጀን

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። እኛ ጋ ፊት የሚጠቁረው በሐዘንም በጭንቀትም ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጣ ነው። አይዞሽ፣ እኔም ተማሪ ሳለሁ «ሆዷ ባባ»ን ቃል በቃል ገልብጬ፣ መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ «ሐኪም ቤት ውሰዳት» ብሎ መልሶልኛል።

«ፍራውንድ»ንም (ፊቷን አጨፈገገች) ተዪው፤ ኩርፊያ ይመስላል። ለሥጋት እኔ የምወደው «ኸር ብሮው ፈሮውድ» (ግንባሯ ተሸበሸበ) የሚለውን ነው። ፈሮው በሬ ሲያርስ የሚወጣው ትልም ነው። ከኛ «ፈር» ጋር መመሳሰሉ እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ ለጎጃም ሰው ግን አይረሳም። ብቻውን ከተውሽው ሐሳብ የያዛት ብቻ ልትመስል ስለምትችል እጇንም ጨምሪ።

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አንዲት እናት አየሁ። የቅንድቦቿ ውስጠኛ ጫፎች ወደ ላይ ተስበው ግንባሯ መሃል ላይ ብቻ ተሸብሽቧል። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታለች። ሥጋት ይኸው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪዘን እ.ኤ.አ. በ1978 የፊት እንቅስቃሴዎችን በቁጥር ሲመድቡ፣ 1 ቁጥርን የሰጡት ለዚሁ ለቅንድብ ውስጠኛ ጫፍ መነሳት ነው።

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። የላይኛው የዓይኗ ቆብ ተነሳና ከጥቁሩ በላይ ነጩ ታየ። ከንፈሯ ወደ ጎን ተወጠረ። አሁን ፈራች። ቅንድቧ ሳይሰበሰብ እንደ ቀስት ቢነሳ ኖሮ መገረም ይሆን ነበር፤ ይህን አደራ እንዳታምታቺው።

«ፔል» (የገረጣ) ለጠይም እናት አይመቸኝም። «አሸን» በይ። አመድማ ማለት ነው፤ እኛም «ፊቷ አመድ መሰለ» እንል የለ? ግን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አታባክኚው። ስልኩ እስኪጮህ አቆዪው።

ለመሆኑ ወንድምሽ በሰላም ገባ?